ሽማግሌ «ይገደል» ሲል

ወገኖቼ፣ ሳቃችሁን ትንሽ ያዙልኝ።

በየስልካችሁ የሚዞረውን ቪዲዮ እኔም አይቼዋለሁ። ከፀሐይ ጋር የሚዞር የወርቅ ቅብ ሐውልት ያሠራው፣ የመካከለኛው እስያዋ አገር የቱርክሜኒስታን የቀድሞ ፕሬዚዳንት። ጃንዋሪን በራሱ፣ ኤፕሪልን በእናቱ ስም የሰየመው። ኦፔራና ባሌት የከለከለው። ሳፓርሙራት ኒያዞቭ። «ጉድ በል!» እያላችሁ ትቀባበሉታላችሁ። ያስቃል፣ አልክድም። እኔ ግን ስለዚህ ሰው ሳስብ ትዝ የሚለኝ ሐውልቱ ሳይሆን አንድ አዳራሽ ነው። ያንን አዳራሽ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ነገሩ የሆነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ነው። ኖቬምበር 25 ቀን ዋና ከተማው አሽጋባት ውስጥ በኒያዞቭ አጀብ ላይ ተተኮሰ ተባለ። እሱን ምንም አልነካውም። ከዚያ አፈሳው ተጀመረ። ተጠርጣሪው ብቻ ቢታሰር ምን ነበረበት፤ ወንድሙም፣ ዘመዱም፣ ወዳጁም ተለቀመ። ዋናው ጠንሳሽ ነው የተባለው ቦሪስ ሺክሙራዶቭ ነበር። ለዓመታት የኒያዞቭ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ የሠራ፣ በ2001 ተለይቶት ወጥቶ ተቃዋሚ የሆነ ሰው። በዲሴምበር መጨረሻ ተያዘ። በኢንተርኔት ትቶት በሄደው ጽሑፍ፣ እጄን የምሰጠው በእኔ ሰበብ የሚታሰሩትና የሚሰቃዩት ሰዎች እንዲተርፉ ነው ብሎ ነበር።

ዲሴምበር 29 በቴሌቪዥን አቀረቡት። ያ በየአገሩ ቆሞ ሲናገር የኖረ ዲፕሎማት ፊቱ ደርቆ፣ ቃላቱ እየተጎተቱ ራሱን ረገመ። ወንጀለኛ ነኝ አለ። በመካከላችን አንድም ደህና ሰው የለም፣ ሁላችንም የማንረባ ነን አለ። አደንዛዥ ዕፅ እንወስድ ነበር አለ። ይባስ ብሎ ኒያዞቭን ለሕዝቡ ከላይ የተሰጠ ስጦታ ብሎ አሞገሰው። እስቲ እናንተ ፍረዱ። ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ በገዛ ፈቃዱ እንዲህ ይሆናል?

በማግስቱ የሕዝብ ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚሰበሰብበት ጉባኤ ነው። የአገር ሽማግሌዎችም አሉበት። ያ ኑዛዜ ታየ። ከዚያ ሰው በየተራ እየተነሳ ሞት ጠየቀ። ይገደል! ይገደል! የሞት ቅጣት በአገሪቱ በ1999 ቀርቷል፤ ያስቀረውም ራሱ ኒያዞቭ ነው። ምንም አይደለም፣ ለእነዚህ ሲባል ይመለስ አሉ። ይሄኔ ኒያዞቭ እንደ ደግ አባት እጁን አነሳ። አይሆንም አለ። ዕድሜ ልክ ይበቃቸዋል። አዳራሹ አጨበጨበ።

ይኸውላችሁ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሽማግሌ በእኛ አገር ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። ደም ሲፈስ መሐል ይገባል። የተቆጣውን «ተው፣ ስለ ፈጣሪ» ይለዋል። እነሱም ዘንድ ሽማግሌ የሚከበረው በዚሁ ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ያሰረው ሰው መሓሪ ሆኖ ወጣ፣ ያ ሁሉ ሽበት ደም ለመነ። አንድ ሰው እንኳ «እስቲ ይሄን ሰውዬ ምን አድርጋችሁት ነው?» አላለም።

ፈሩ ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ፈሩ። መፍራት ነውር የለውም። የፈራ ሰው ግን ዝም ይላል። ተነስቶ፣ ማይክ ይዞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሞት አይጠይቅም።

ኒያዞቭ ከሰማይ አልወረደም። አባቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሞተበት፣ እናቱና ወንድሞቹ በ1948ቱ የአሽጋባት የመሬት መንቀጥቀጥ ያለቁበት የሙት ልጅ ነው። ማሳደጊያ አደገ። ሌኒንግራድ ተምሮ መሐንዲስ ሆነ። ያሳዝናል፣ እውነቴን ነው። የፓርቲ ካድሬ ሆኖ ሽቅብ ወጣ። ቱርክሜኒስታን ያኔ ከሶቪየት ኅብረት ሪፐብሊኮች አንዷ ነበረች፤ በ1985 የኅብረቱ መሪ ጎርባቾቭ የሪፐብሊኩ የፓርቲ አለቃ አደረገው። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ የፓርቲውን ስም ቀየረና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። በ1992 ብቻውን ተወዳድሮ 99.5 በመቶ አገኘ ተባለ። ቀጥሎ ያለ ምርጫ ሥልጣኑ ተራዘመለት። በ1999 የዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንት አሉት። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ እጅ የሚያወጣ ሰው ነበረ። የሚያጨበጭብ ሰው ነበረ።

እጁን የሚይዘው ሲያጣ የት ደረሰ? በ2004 ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ የጤና ሠራተኞችን አባርሮ ወታደሮችን ተካባቸው። በዓመቱ ከዋና ከተማው ውጭ ያሉ ሆስፒታሎች ይዘጉ አለ፤ የታመመ ሰው አሽጋባት ይምጣ። ያ ሁሉ «ይገደል» ያለ አፍ ያን ቀን የት ገባ? የእነሱስ እናት አትታመምም?

በ2006 ዲሴምበር ኒያዞቭ ልቡ ቆሞ ሞተ። በሕጉ ተተኪ የነበረው አፈ ጉባኤ ወዲያው ታሰረና የጤና ሚኒስትሩ በርዲሙሐመዶቭ ወንበሩን ያዘ። አዎ፣ ሆስፒታሎቹ ሲዘጉ ሚኒስትር የነበረው። የወራቱ ስም ተመለሰ። ሐውልቱ ከመሐል ከተማ ተነስቶ ዳር ወጣ። አዲሱም በ2015 በፈረስ ላይ የተቀመጠ የራሱ የወርቅ ቅብ ሐውልት ቆመለት። በ2022 ልጁ ተካው። ጭብጨባው ቀጠለ።

ሺክሙራዶቭስ? በርዲሙሐመዶቭ በ2007 ኒው ዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ላይ ሲጠየቅ በሕይወት እንዳለ እርግጠኛ ነኝ አለ። ያው ወሬ ነው። ለቤተሰቡ ደብዳቤ የለ፣ ጥየቃ የለ፣ መቃብርም የለ።

ወገኖቼ፣ ይሄን የምነግራችሁ እነሱን እንድትታዘቡ አይደለም። እኛም ይሄን አዳራሽ እናውቀዋለን። ቀበሌ ተሰብስበን ጎረቤታችንን አጋልጠናል። ሬዲዮው «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደ» ሲል ስንቱ እጁን አንስቶ ፎክሯል። ከዚያም ወዲህ ፍርድ ቤት ያልፈረደበት ሰው በቴሌቪዥን ሲወነጀል እራታችንን እየበላን አይተናል። ያኛው ወገን ሲሆን «የታባቱ!» ብለናል። የእኛ ሰው ሲሆን አልቅሰናል። ዛሬ ደግሞ አዳራሽ መግባት እንኳ አላስፈለገንም። የታሰረ ሰው ቪዲዮ ይለቀቃል፣ እኛ ሥሩ «ይገደል» ብለን ጽፈን፣ ሳቅ ለጥፈን እናልፋለን። ማን አስገደደን? እዚያ የነበሩት ቢያንስ የሚፈሩት ነገር ነበራቸው።

ተነሱና ታገሉ አልላችሁም። እሱን ለመናገር ፊቱም የለኝ። የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ዓይኑ የደከመ፣ ቃላቱ የሚጎተት ሰው አምጥተው «ራሱ አምኗል» ሲሏችሁ፣ የምትጠሉት ሰው ቢሆንም፣ አታጨብጭቡ። ዝም በሉ። ስልኩን አስቀምጡት። ከመካከላችሁ ይሄን የሚያደርጉ አሉ፤ ጥቂት ናቸው እንጂ አይቻቸዋለሁ። ከሆነላችሁ ደግሞ አንዳችሁ «ጠበቃው የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።