ብቻውን ነው የተበላሸው

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ቡናዬን ሁለተኛ ፉት ሳልል ስልኬ ጮኸ።

«ባዮሜዲካል! ኦክስጅን ማሽኑ ዝም አለ!»

ስም አለኝ። እናቴ አስባበት ያወጣችልኝ ደህና ስም ነው። ሆስፒታል ውስጥ ግን ስሜ ባዮሜዲካል ነው።

«ምን ሆኖ?»

«ምንም አልሆነም። ብቻውን ነው የቆመው።»

ይቺን ቃል ስሰማ ቡናው መረረኝ። ዓመታት የሕክምና መሣሪያ ስጠግን፣ ሰው ያበላሸው ማሽን ገጥሞኝ አያውቅም። ሁሉም ብቻቸውን ነው የሚበላሹት። ሰው በሌለበት፣ ሌሊት፣ ተነጋግረው።

ካቻቢቴዬንና ቴስተሬን ይዤ ሄድኩ። ደግነቱ በሽተኛውን ወደ ሲሊንደር ቀይረውታል። ማሽኑ ኦክስጅን ከሌላ ቦታ አያመጣም፤ የክፍሉን አየር ስቦ ነው የሚያጣራው። ከምንተነፍሰው አየር ኦክስጅኑ 21 በመቶ ገደማ ነው፤ የቀረው አብዛኛው ናይትሮጅን ነው። ውስጡ ያሉት ዚዮላይት የሚባሉ ጥቃቅን ፍሬዎች ናይትሮጅኑን ይዘው ኦክስጅኑን ያሳልፋሉ። እንግዲህ ይሄ ማሽን ሰው እንዲተነፍስ መጀመሪያ እሱ መተንፈስ አለበት ማለት ነው።

ስደርስ ጀርባውን ከግድግዳው ጋር አጣብቀውታል። አናቱ ላይ ፔርሙዝ ተቀምጧል። ከጎኑ የአስታማሚ ጋቢ ተንጠልጥሏል። ፊልተሩን ስመዘው ከአቧራው ውፍረት የተነሳ ሌላ ጋቢ መሰለኝ። ሞተሩ ታፍኖ፣ ግሎ፣ በመጨረሻ ራሱን አጥፍቷል። በሁለቱም ትርጉሙ።

ከዚያ ማስጠንቀቂያው የሚጮህበትን ቀዳዳ አየሁት። በፕላስተር ተለጥፏል። በሁለት ድርብ።

«ሲስተር፣ ይሄን ማን ለጠፈው?»

«ተለጥፎ ነው ያገኘነው።»

እዚህ ላይ ቀልዱ ይብቃ። ያ ጩኸት እንቅልፍ ለመንሳት አልተሠራም። «ኦክስጅኑ አንሷል፣ ሰው ተመልከቱ» ነው የሚለው። አፉን ከዘጉት በኋላ ዝም አለ ብሎ እኔን መጥራት ምን የሚሉት ነው? ያ ቀን የተረጋጋ በሽተኛ ላይ ባይሆንስ ኖሮ?

ግን በሲስተር ብቻ አልፈርድም። ቋንቋችን ራሱ ተባባሪ ነው። ብርጭቆ ስንጥል «ጣልኩት» አንልም፤ «አመለጠኝ» ነው የምንለው። ብርጭቆው እንደ እስረኛ ጊዜ ጠብቆ የጠፋ ይመስል። ስብሰባ ላይ አንተኛም፤ እንቅልፍ ነው የሚወስደን። መብራት አይቋረጥም፤ ይሄዳል። ገንዘብ እንኳ «ጎደለ» እንጂ ወሳጅ የለውም። አንድ ላብራቶሪ ውስጥ «ሴንትሪፊዩጁ ከጠረጴዛ ወረደ» ብለውኝ ያውቃሉ። ወረደ! እንደ ሚኒባስ ተሳፋሪ።

እንደውም እዚያ ላይ ግማሽ እውነት ነበራቸው። ሴንትሪፊዩጅ የደም ቱቦ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲያሽከረክር ሚዛን ይፈልጋል። አንድ ቱቦ ካስገባህ ትይዩ ሌላ እኩል የሚመዝን ታስገባለህ። ሁለተኛ ናሙና ከሌለ ውሃ የሞላ ቱቦም ይሆናል። ያ ካልሆነ እየተንዘፈዘፈ በራሱ ይጓዛል። በርግጥም ብቻውን ነው የሄደው። አንዷን ቱቦ ያስገባው ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከሁሉ የማልረሳው በእርዳታ የመጣውን ማሽን ነው። ሳጥኑ ሲገባ ንግግር ተደረገ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሻይና ኬክ ተበላ። እኔ አልተጠራሁም። ጀርባው ላይ 110 ቮልት ይላል። የኛ ሶኬት ደግሞ 220 ነው። ስፒናው አልገባ ሲል አስማሚ ፈልገው አስገቡት። ጢስ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመሣሪያ ልገሳ መመሪያ ላይ፣ ከመስጠት በፊት ተቀባዩን ጠይቁ ይላል። ቆንጆ መመሪያ ነው። ስቶር ገብቶ በሞዴል 19 ስለማይመዘገብ ይሆናል ያነበበው ሰው የለም።

«ማን ሰካው?» ስል ክፍሉ የጸሎት ቤት ሆነ። አለቃችን ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ ለምን ቀድመህ አላየኸውም?»

በጣም የምወደው ተረት አለኝ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ሰው ሁሉ የፈሪ ተረት ያደርገዋል። እኔ ግን የዳውላው ተረት ነው ባይ ነኝ። እስቲ ዳውላው ምን አጠፋ? አህያ ይራገጣል፣ ዳውላ አይራገጥም፤ ጥፋቱ ይሄው ነው። የሆስፒታሉ ዳውላ ማን እንደሆነ እንግዲህ ፈልጉ።

ዳውላነቴ ደግሞ የቆየ ነው። ልጅ ሆኜ ታላቅ ወንድሜ የቤታችንን ራዲዮ ማዞሪያ ነቀለው። እኔ አዝኜ ልጠግነው ከፈትኩት። አባባ ሲገቡ ካቻቢቴው በማን እጅ ነበር? ቀበቶውንስ ማን ቀመሰው? ወንድሜ ዛሬ ባንክ ቤት አለቃ ነው። በየፋሲካው ዶሮው እየተበላ «እሱ እኮ ከልጅነቱ ራዲዮ ሲሰብር ነው ያደገው» ይላል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እኔ አልስቅም። አንድ ቀን፣ እማማ ባለችበት፣ ማዞሪያውን ማን እንደነቀለው አወጣዋለሁ። ይሄን ስል ሃያ ዓመት አለፈኝ።

ስለ ኦክስጅኑ ነበር የማወራው።

ፊልተሩን አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ መለስኩ። ፕላስተሩን ላጥኩ። ከግድግዳው ሳብ አድርጌ አስነሣሁት፤ አጉረመረመና ሠራ። መለኪያዬን ስሰካ ኦክስጅኑ ከ90 በመቶ በላይ መሆኑን አሳየኝ። ሲስተር በዚያች ፔርሙዝ ሻይ ቀዳችልኝ። ሌሊቱን ለአንድ ክፍል ሙሉ በሽተኛ ብቻዋን ነው ያደረችው። ዓይኗ ቀልቷል። ስኳሩን ሳልጠይቃት ሁለት ማንኪያ ጨመረችልኝ።

የጥገና ቅጹን አወጣሁ። «የብልሽቱ ምክንያት» የሚል መስመር አለው። እስኪርቢቶዬን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ሻዩ ጣፋጭ ነበር።

«ፊልተሩ ተደፍኖ ተገኘ» ብዬ ጻፍኩ።

ተፈራረምን። ዕቃዬን ሰብስቤ በሩ ጋ ስደርስ ዞር ብዬ አየሁ። ጋቢው ማሽኑ ላይ ተመልሷል። ማን እንደሰቀለው አልጠየቅኩም።