አጥንት የሚቆጠርበት በር

ልጁ ውሃ ይጠማዋል። የትምህርት ቤቱን ቧንቧ ግን በእጁ መንካት አይፈቀድለትም። ተላላኪው ይከፍትለትና ይጠጣል። ተላላኪው የሌለ ቀን እንደጠማው ይውላል። የሚቀመጥባትን ጆንያም ጠዋት ከቤቱ ይዞ መጥቶ ማታ ይዟት ይሄዳል፤ እሱ የተቀመጠባትን የሚነካ የለማ! አባቱ ወታደር ነበር፤ ልጁም ጎበዝ ተማሪ። ምንም አልፈየደለትም። የተወለደው ሕንድ ውስጥ «አይነኬ» ከሚባሉት ወገን ነው፤ በቃ።

ይህ ልጅ ቢምራኦ አምቤድካር ነው። አድጎ የአገሩን ሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚቴ መራ። እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ይህ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17 አይነኬነትን ሽሯል። እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን ከዚያ በፊት በማሃድ ከተማ የሆነው ነው።

የቦምቤይ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1923 የሕዝብ ውሃ ለሁሉም ክፍት ይሁን ብሎ ወሰነ። የማሃድ ማዘጋጃ ቤትም በዓመቱ የከተማውን ኩሬ ለሁሉም ፈቀደ። ወረቀቱ አለ፤ ደፍሮ የሚጠጣ ግን የለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1927 አምቤድካር ብዙ ሺህ ሰው አስከትሎ ወደ ኩሬው ሄደ። ጎንበስ ብሎ በእፍኙ ጠጣ። የዚያኑ ዕለት ተከታዮቹ በዱላ ተደበደቡ። ኩሬው «ረክሷል» ተባለና እበት፣ የላም ሽንት፣ ወተትና እርጎ በ108 ገንቦ ፈሰሰበት፤ እንዲነጻ መሆኑ ነው። የሰው እጅ ከእበት ይልቅ ያረክሳል ተብሎ ታመነ ማለት ነው! ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ለአምቤድካር ወገን የተፈረደው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ነው የኔ ሐሳብ። በዘር የሚወረስ ክብርና ውርደት በአዋጅ ብቻ አይጠፋም። አጥንት የሚቆጠርበት በር የት እንዳለ ፈልጎ መዝጋት ያስፈልጋል። አንዱ አገር በሩ ውሃ ነው፤ ሌላው ጋ መዝገብ።

ጃፓንን እንይ። በእርድና በቆዳ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩትን ሰዎች የውርደት ስም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1871 ሻረ። በዓመቱ የቤተሰብ መዝገብ ተዘጋጀ፤ በአንዳንድ ቦታ እነዚህ ሰዎች «አዲስ ተራ ዜጋ» ተብለው ተጻፉበት። ስሙ በፊት በር ወጥቶ በጓሮ ገባ። መቶ ዓመት አልፎ እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ፣ የእነዚህን ሰዎች ሰፈሮች የሚዘረዝር መጽሐፍ በድብቅ ለድርጅቶች ሲሸጥ ተደረሰበት። ሥራ ፈላጊው ከየትኛው ሰፈር እንደመጣ ለማጣራት ነው። የሌላን ሰው የቤተሰብ መዝገብ እንደልብ ማየት በሕግ የተገደበው ከዚያ በኋላ ነው።

እኛ ጋ በሩ ከአንድ በላይ ነበር። አንደኛው አፍ ነው። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው በሙያቸው ይሰደቡ ነበር። የሠሩትን እየተጠቀሙ ሠሪውን መናቅ! አጼ ምኒልክ ይህን ስድብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከለከሉ። ሌላው በር መሬት ነው። በብዙ የደቡብ አካባቢዎች እነዚህ ባለሙያዎች መሬት አይደርሳቸውም ነበር። የጭሰኛ ልጅም ጭሰኛ ሆኖ ያድግ ነበር። ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 1967 ላይ፣ የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት ሻረ።

የጋብቻ በር ግን እስካሁን አልተዘጋም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቡና ተፈልቶ፣ «ለመሆኑ ዘሩ ከየት ነው?» የሚባልበት ሳሎን። እዚያ ፖሊስ አይገባም፤ ዳኛም የለም። ያለነው እኛው ነን፤ አጎት፣ አክስት፣ ታላቅ ወንድም። አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናቱ እኮ ሸክላ ሠሪ ናት» ሲል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ታዲያ ምን ይሁን?» የሚል አንድ አጎት ያስፈልጋል።