ለቤተሰብ ብቻ የሚጣል ሸክም አይደለም

ስለ ስኪዞፍሬንያ፣ ማለትም አስተሳሰብንና ስሜትን ስለሚያዛባው ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ በወጣው ጽሑፍ ላይ «በድሃ አገሮች ቤተሰብ ስለሚደግፍ ስኪዞፍሬንያ ቶሎ ይሻላል» የሚለውን የቆየ አባባል ጸሐፊው ያለቀለት እውነት አድርገው ማቅረባቸው አሳስቦኛል። ሐሳቡ የመነጨው ከዓለም ጤና ድርጅት የቀድሞ ጥናቶች ነው። በአገራችን በቡታጅራ ስለዚሁ ሕመም የተካሄደው ጥናት ግን ቤት ለቤት ዞሮ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ሲያጣራ፣ አብዛኞቹ ታማሚዎች የአእምሮ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። በቀጣዩ ክትትልም ሙሉ በሙሉ የተሻላቸው ጥቂቶች ናቸው።

እኔን ተስፋ የሰጠኝ በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመው ሙከራ ነው። ከአካባቢው የተመለመሉ ሠራተኞች ከጤና ጣቢያው ሕክምና ጎን ለጎን ታማሚውን ቤቱ ድረስ እየሄዱ ያነጋግራሉ፤ ቤተሰቡን ያስተምራሉ፤ ከመንደሩ ሰው ጋርም ይመክራሉ። ከዓመት በኋላ እነዚህ ታማሚዎች ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ ራሳቸውን ችለው መኖር ቀሏቸዋል።

የአክስቴ ልጅ መድኃኒቱን በሰዓቱ እየዋጠ ለዓመታት ከጓዳ አልወጣም። ገላህን ታጠብ፣ ና ቡና አብረን እንጠጣ እያለ ቀስ በቀስ የሚያወጣው የሠለጠነ ሰው አላገኘም፤ እናቱ ብቻዋን ደከመች። ጠበል ይሂድ ወይስ ሐኪም ቤት እያልን ስንከራከር ጊዜው ነጎደ፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ጠበሉንም መጠመቅ ይችል ነበር። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ሶዶ ድረስ ሄደው እነዚያን ሠራተኞች ቢያነጋግሩልን እወዳለሁ።