ማስተካከያ፦ በአንድ ድስት ስለሚሠራው ባለ ክሬም የቋሊማ መኮሮኒ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ መልስ ለእራት ስለሚደርሰው የቋሊማ መኮሮኒ ስጽፍ፣ ለ400 ግራም መኮሮኒ 2 ሊትር ውኃ እንዲገባ፣ ክሬሙም ከውኃው ጋር አብሮ እንዲፈላ ብዬ ነበር። ሁለቱም ስህተት ናቸው። በዚያ መሠረት ሠርታችሁ ሾርባ የመሰለ እራት የገጠማችሁን ሁሉ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ትክክለኛው የውኃ መጠን 1 ሊትር ገደማ ነው። ብዙ ውኃ የሚያስፈልገው መኮሮኒው ተቀቅሎ ውኃው ሲደፋ ነው። እዚህ ግን የሚደፋ ነገር የለም፤ ከመኮሮኒው የሚወጣው ስታርች እዚያው ድስቱ ውስጥ ቀርቶ ስጎውን ያወፍረዋል። ውኃው ከበዛ ስጎው ይቀጥናል፤ እስኪመጥ ሲጠበቅ ደግሞ መኮሮኒው ይላሽቃል። ሰፊ ድስት ውኃ ቶሎ ስለሚያተን ትንሽ የፈላ ውኃ አጠገባችሁ ይኑር። ቶሎ ቶሎ አማስሉት፤ ሥሩ ይይዛል።

ክሬሙ የሚገባው መኮሮኒው በስሎ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው፤ 150 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በክሬም ፋንታ ወተት የምትጠቀሙ፣ በተለይ ቲማቲም ካለበት፣ ተጠንቀቁ፦ የቲማቲሙ ኮምጣጣነት ከሙቀቱ ጋር ሆኖ ወተቱን ያቋጥረዋል።

«1 የሾርባ ማንኪያ ጨው» ያልኩትም ይሰረዝ። ቋሊማው ራሱ ጨዋማ ነው፤ መጨረሻ ላይ ቀምሳችሁ ጨምሩ። ቋሊማውን ቆራርጦ ከሽንኩርቱ ጋር አስቀድሞ መጥበሱ ግን እንደነበረው ነው።