አጃቢ ያልናቸው ሰዎች

ሰርግ ቤት ስትሄዱ አስተውሉ። ምግቡ ተበልቶ፣ ሰው ወንበሩ ላይ ከብዶት ተቀምጦ ሳለ፣ ከድምፅ ማጉያው የአንድ የድሮ ዘፈን መግቢያ ይለቀቃል። ሳክስፎኑ ሁለተኛውን ሐረግ ሳይጨርስ እናቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያስራሉ፣ ወጣቱ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ይጥላል፣ መሀሉ በአንድ አፍታ ይሞላል። ዘፋኙ ግን ገና አፉን አልከፈተም። ታዲያ ያን ሁሉ ሰው ከመቀመጫው ያስነሣው ማን ነው?

የምለው ብዙ ሰው እንደማይወድልኝ አውቃለሁ። ማህሙድ አህመድን፣ አስቴር አወቀን፣ ኤፍሬም ታምሩን፣ ነዋይ ደበበን እንወዳለን፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን በእነርሱ ስም ከምንወደው ግማሹ የእነርሱ ሥራ አይደለም። የባንዶቹ ነው። ከዚህም አልፌ እናገራለሁ፦ የካሴት ዘመናችን ትልቁ ድምፅ ከአንድም ዘፋኝ ጉሮሮ የወጣ አይደለም፤ የሮሃ ባንድ ድምፅ ነው።

ከቤተሰቤ የወረስኳቸው ካሴቶች በአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ አሉ። ሰሞኑን አንዱን አወጣሁት። ማቀፊያው ተሰንጥቋል፣ ወረቀቱ ፀሐይ በልቶት ቢጫ ሆኗል። ፊቱን ዘፋኙ ሞልቶታል፤ ጸጉሩ ተበጥሮ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ከጃኬቱ ላይ ተዘርግቶ። ወረቀቱን ገልብጬ ወደ መስኮቱ ብርሃን ካላስጠጋሁት በቀር የማይነበብ አንዲት መስመር ታች ጥግ ላይ አገኘሁ፦ «አጃቢ ሮሃ ባንድ»። የተጫዋቾቹ ስም የለም። ቤዙን ማን እንደመታ፣ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋ፣ መግቢያውን ማን እንዳሰበው የሚናገር ቃል የለም።

ነገሩ የተበላሸው ከቃሉ ይመስለኛል። አጃቢ ማለት ከባለ ጉዳዩ ኋላ የሚሄድ ነው፤ ሙሽራ ይታጀባል፣ ባለሥልጣን ይታጀባል። አጃቢው ቢቀየር ሙሽራው ያው ሙሽራ ነው። ከእነዚያ ዘፈኖች ውስጥ ግን ቤዙንና ሳክስፎኑን አውጡና የሚቀረውን አዳምጡት። ዜማው ይቀራል፣ ግጥሙ ይቀራል፣ ያ ሰርግ ቤቱን ያስነሣው ነገር ግን አብሮ የለም። ብዙዎቹ ዘፋኞች ኋላ ላይ የገዛ ዘፈናቸውን በአንድ ኪቦርድ ብቻ ደግመው ሠርተውታል። ድምፃቸው ያው ነው፣ አንዳንዴም በስሏል። እኛ ግን አሁንም የምንፈልገው የድሮውን ቅጂ ነው። የጎደለውን ጆሯችን ያውቀዋል፣ ስሙን አልጠራንለትም እንጂ።

ሮሃ የተወለደው ከአይቤክስ ባንድ ነው። አይቤክስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በራስ ሆቴል ይጫወት የነበረ ባንድ ነው። ማህሙድን ለውጭው ዓለም ጆሮ ያደረሰው «ኧረ መላ መላ» የተቀረጸውም ከዚሁ ባንድ ጋር ነው፤ በ1986 ቤልጂግ ውስጥ በሸክላ ሲታተም አውሮፓውያን ሰሙት። አማርኛ የማይሰማ አድማጭ ግጥሙን ሊያደንቅ አይችልም። የማህሙድ ድምፅ ያለ ጥርጥር ይዞታል፤ ግን ያ እየዞረ የሚመለስ፣ መሬት የሚቆፍር ቤዝ ባይኖር ድምፁ በምን ላይ ይቆም ነበር? አስቴርም በ1981 ወደ አሜሪካ ከመሄዷ በፊት ከዘፈነችባቸው ባንዶች አንዱ ኋላ ሮሃ የሆነው ይኸው አይቤክስ ነው። ያን ዘመን ደግሞ አስቡት፤ የሰዓት እላፊ ነበር። ሆቴሉ በሩን ከቆለፈ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ያ ጥብቀትና መናበብ የመጣው ከእነዚያ ሌሊቶች ይመስለኛል።

«ጥላሁን ገሠሠስ?» ትሉኛላችሁ። ትክክል ናችሁ፤ ጥላሁን ያለ ምንም መሣሪያ ባዶ ክፍል ውስጥ ትዝታ ቢዘፍን እንባ ያመጣ ነበር። ዘውዱን አልነካም። ነገር ግን ጥላሁንም ብቻውን አልበቀለም። በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ውስጥ እንደ ሳህሌ ደጋጎ ያሉ ሰዎች ዜማ እየደረሱ፣ ነፋሾቹን እየከፋፈሉ፣ ድምፁ የሚያርፍበትን ቦታ አዘጋጅተውለታል። ስለ ንጉሡ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ሳህሌ ደጋጎ ስንቶቻችን አንድ አንቀጽ መናገር እንችላለን?

የእኔን ነገር ከሁሉ በላይ የሚያስረዳልኝ ኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፤ ባንዱ በአዲስ አበባ ሂልተን ዓመታት ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄደው እርሱና ጥቂት ጓደኞቹ እዚያው ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮኑንና ኪቦርዶቹን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ፤ ከዚያ በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ጠራው፣ መድረክም ሰጠው። ዘፋኝ በማይታይበት ካሴት! ሙዚቃው ለራሱ መቆም እንደሚችል የነገረን ባዕድ አድማጭ መሆኑ ያመኛል። እኛ ያንኑ ድምፅ በየቤታችን ይዘነው ስሙን ሳንጠይቅ አርባ ዓመት ጨፍረንበታል።

ባንዶቹ ሲበተኑና አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ሙሉ አልበም ማቀናበር ሲጀምር ብዙም ያልጮኽነው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። እርግጥ የገንዘብ ጉዳይ አለ፤ ለስምንት ሰው ከመክፈል ለአንድ ሰው መክፈል ይቀላል። ግን አጃቢ ብለን የለመድነው ሰው ሲቀር የቀረብን ነገር እንዳለ አይሰማንም።

ዛሬም ዩቲዩብ ላይ የድሮ ካሴት ሲጫን የሚጻፈው የዘፋኙ ስም ብቻ ነው። ሬዲዮውም እንዲሁ ነው። አቅራቢው ዘፋኙን «አንጋፋው» ብሎ ያሞግሳል፣ ዘፈኑ ይለቀቃል፣ መግቢያው ገና ሲጀምር ደግሞ ማስታወቂያ ያነብበታል። የሮሃ ዘፈን ስታሰሙ እባካችሁ መግቢያውን ተዉልን፣ ከዚያም ይህን አንብቡልን፦ ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ፣ ሰላም ስዩም ጊታር፣ ፈቃዱ አምደመስቀል ሳክስፎን፣ ዳዊት ይፍሩ ኪቦርድ። አሥር ሰከንድ አይፈጅም።