ጋትስቢ ለምን አልዋኘም?

ስኮት ፊትዝጄራልድ በ1925 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «ታላቁ ጋትስቢ» ያነበበ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ፍቅሩ ነው። የእኔ ዓይን ያረፈው መዋኛ ገንዳው ላይ ነው። ሰውዬው ሎንግ አይላንድ ላይ ከ40 ኤከር በላይ ግቢ ያለው ቤት አለው። የእብነ በረድ መዋኛም አለው። እንግዶቹ በእሱ የባሕር ዳርቻ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ በእሱ ሞተር ጀልባዎች ይንሸራሸራሉ። እሱ ግን በጋው እስኪያልቅ በዚያ ገንዳ አንዴም አልዋኘም።

አንድ ሌሊት ትንሽ ከጅሎት ነበር። ቤቱን ከላይ እስከ ታች መብራት አብርቶበት ሲንጎራደድ፣ ጎረቤቱን ኒክን አገኘውና «እንዋኝ እንዴ?» አለው። ኒክ «መሽቷል፣ ልተኛ» ብሎ ሄደ። ኒክ በወር 80 ዶላር የሚከራይ ሰው ነው፤ ነገ ሥራ አለው። በመጨረሻ ጋትስቢ ገንዳው ውስጥ የገባ ዕለት በጥይት ተመታ።

ገንዳው ብቻ ቢሆን ባልፈረድኩበት። ንብረቱ ሁሉ እንደዚያው ነው። ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አለው። አንድ ትልልቅ መነጽር ያደረገ ሰካራም እንግዳ ገብቶ መጻሕፍቱን ሲያይ በድንጋጤ አፉን ያዘ። ካርቶን መስለውት ነበር፤ ለካስ እውነተኛ ናቸው! ግን ገጾቻቸው አልተቆረጡም። በዚያ ዘመን አንዳንድ መጽሐፍ ገጾቹ ጫፍ ለጫፍ እንደተያያዙ ይሸጥ ነበር። ማንበብ የፈለገ በቢላ እየለያየ ያነባል። የጋትስቢ ቢላ እዚያ ክፍል ደርሶ አያውቅም።

ሸሚዞቹን እንግሊዝ አገር ያለ ሰው እየመረጠ ይልክለታል። እሱ ያን ሁሉ ሸሚዝ አውጥቶ የሚዘረግፈው በሚያፈቅራት በዴይዚ ፊት ነው። እሷም ሸሚዝ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። የምን ልቅሶ እንደሆነ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ ማጠቡ ታይቷት ነው ባይ ነኝ። መኝታ ቤቱን ደግሞ ሄዳችሁ ብታዩት ከክፍሎቹ ሁሉ ቀለል ያለው እሱ ነው። እንግዳ አይገባበትማ!

የብርቱካኑ ነገር ለብቻው ነው። ዓርብ ዓርብ አምስት ሣጥን ብርቱካንና ሎሚ ከኒው ዮርክ ይመጣል። ሰኞ ልጣጩ በጓሮ በር ተከምሮ ይወጣል። በግማሽ ሰዓት 200 ብርቱካን የሚጨምቅ ማሽን ወጥ ቤት ተተክሏል። አሽከሩ አንዲት ቁልፍ 200 ጊዜ በአውራ ጣቱ ይጫናል። ጋትስቢ በዚህ ሁሉ መሐል መጠጥ ሳይጎነጭ ደረጃ ላይ ቆሞ ያያል። ጊዜው አሜሪካ መጠጥ የከለከለችበት ነው፤ ክልከላው ከ1920 እስከ 1933 ቆይቷል። ሰውዬውም የከበረው በዚያው በተከለከለው አልኮል ነው። ሻጩ አይጠጣም፣ ጠጪው አይከፍልም።

አሁን እንግዶቹን እንያቸው። አብዛኞቹ አልተጠሩም፤ ሰምተው ነው የመጡት። የሰውዬውን ሻምፓኝ እየተጎነጩ ሰውዬውን ያሙታል። አንዷ «ሰው ገድሏል ይባላል» ትላለች። ሌላዋ «ኧረ የጀርመን ሰላይ ነበር» ትላለች። አንድም ሰው ግን ብርጭቆውን አላስቀመጠም። ነፍሰ ገዳይ ነው ብሎ ጠርጥሮ «ትንሽ ጨምርልኝ» ማለት የሰው ልጅ የጋራ ቋንቋ ይመስለኛል። ሠርግ ቤት ሦስተኛውን ሳህን ይዛ «ይሄን ሁሉ ገንዘብ ከየት አመጡት?» የምትለዋን ሴት ሁላችንም እናውቃታለን። የቀብሩ ዕለት ከእነዚያ መቶዎች መካከል የመጣው ያ ባለመነጽሩ ሰካራም ብቻ ነው። አንዱ ስልክ ደውሎ ነበር። «ቤቱ የረሳሁትን የቴኒስ ጫማ ላኩልኝ» ለማለት።

በነገራችን ላይ እኛም ቤት ቡፌ አለ። ውስጡ የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች አሉ፤ እኛ የምንጠጣው በቲማቲም ድልህ ብልቃጥ ነው። ስለዚህ ጋትስቢን ከሩቅ ሆኜ አልታዘበውም።

ሰውዬው ሲጀምር እንዲህ አልነበረም። ከሞተ በኋላ አባቱ ከሚኒሶታ ያመጡት የልጅነት መጽሐፍ አለ። ጀርባው ላይ ልጁ በ1906 የጻፈው የቀን ፕሮግራም ይነበባል። በእኛ ሰዓት ብናደርገው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳል፤ ቀጥሎ ዳምቤል ማንሳትና ግድግዳ መውጣት፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ ማጥናት። ከ11 እስከ 12 ሰዓት አነጋገርና ግርማ ሞገስ ይለማመዳል። በሁለት ቀን አንዴ ይታጠባል። በሳምንት 5 ዶላር ይቆጥባል ተብሎ ነበር፤ ተሰርዞ 3 ሆኗል። ይህችን ስርዝ ሳይ ልጁን ወደድኩት። ቤዝቦል ግማሽ ሰዓት ደርሶታል። ዋና ግን እዚህም የለም።

ዋና እኮ ያከብር ነበር! ከጋትስቢ በፊት የአሜሪካን ልጆች ያሳደጋቸው ሆራሺዮ አልጀር ነው። በ1868 በመጽሐፍ ያወጣት «ራግድ ዲክ» የጫማ ጠራጊ ታሪክ ናት። ልጁ ይሠራል፣ ይቆጥባል፣ ማንበብ ይማራል። ሰው ሁሉ «በትጋት ተለወጠ» ይላል። አጥብቃችሁ ካነበባችሁት ግን ትጋቱ ጫማ ከመጥረግ ብዙም አላራቀውም። ወደ ብሩክሊን በሚሻገር ጀልባ ላይ ሳለ የአንድ ሀብታም ልጅ ውኃ ውስጥ ወደቀ። ዲክ ዘሎ ገባ፣ ዋኝቶ አወጣው። አባትየው በሳምንት 10 ዶላር የሚከፈልበት የጽሕፈት ሥራ ሰጠው። እንግዲህ ዲክ ዋኝቶ ከበረ፤ ጋትስቢ ከብሮ አልዋኘም። ለልጆቻችን ኮዲንግ ከምናስተምር ወንዝ ዳር የሚኖር ሀብታም ብንፈልግ ይሻላል።

የአርተር ሚለሩን ሻጭ ዊሊ ሎማንንማ ተዉት። የ1949 ቴአትር ነው። ማቀዝቀዣው ተከፍሎ ሳያልቅ ይበላሻል። መኪናውም እንደዚሁ። የቤቱ የ25 ዓመት ዕዳ የመጨረሻ ክፍያ የተከፈለው በቀብሩ ዕለት ነው። ቤቱ የራሳቸው ሆነ፤ ሰውዬው የለም።

«የአሜሪካ ሕልም» የሚለውን አባባል በሕዝብ አፍ ያስገባው ጄምስ ትረስሎው አዳምስ የተባለ የታሪክ ጸሐፊ ነው። በ1931፣ ባንኮች በሚዘጉበትና ሥራ በጠፋበት ሰዓት። ነገሩ የመኪናና የደመወዝ ጉዳይ ብቻ አይደለም ብሎ ነበር። የሰማው ያለ አይመስለኝም።

ሜሪላንድ የሚኖር አንድ የማውቀው ሰው አለ። ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ኡበር ነው። የሚኖረው ቤዝመንት ውስጥ ነው፤ ሻወሩን ከሦስት ሰው ጋር ይጋራል። አዲስ አበባ ላይ ግን ጂ ፕላስ ቱ ሠርቷል። አራት መታጠቢያ ቤት አለው። ፎቶው ስልኩ ላይ ነው። የጋትስቢ አባት የልጃቸውን ቤት ፎቶ ኪሳቸው ይዘው ለሰው ሁሉ እያሳዩ ጥጉ ተቀዳዶ ነበር፤ ስልክ በዚህ በኩል ይሻላል። ሰውዬው ለዕረፍት ሲመጣ እናቱ ቤት ነው የሚያርፈው። ቤቱ ይቆሽሻላ!

ግቢው ውስጥ የሚኖረው ዘበኛው ነው። ማታ ማታ የፎቁን መብራት እንዲያበራ ታዟል፤ ሰው ያለ እንዲመስል። ባለፈው ይኸው ዘበኛ የልጁን ክርስትና ግቢው ውስጥ ደገሰ። ድንኳን ተተከለ፣ በግ ታረደ። የሆነ ዘመድ ቪዲዮ ላከና ሜሪላንድ ደረሰ። ባለቤቱ በሌሊት ደወለ።

«አንተ! በማን ቤት ነው የምትደግሰው?»

«ጋሼ ይቅርታ፣ እኔ ጋ ጠባብ ስለሆነ ነው።»

ጋሼ ተቆጡ፣ አስፈራሩ፣ «ነገ ትወጣለህ» አሉ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስንት ሰው መጣ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ግቢው አልበቃንም።»

«ስለ ቤቱ ምን አሉ?»

«በጣም ወደዱት። ሳሎኑን፣ በረንዳውን፣ ሁሉንም። አንዳንዶቹ ብቻ ...»

«አንዳንዶቹ ምን?»

«ባለቤቱ ሰው ገድሎ ነው አሜሪካ የገባው ይባላል አሉ፣ ጋሼ።»