ፓት ሰሚት 38 ዓመት የለፋችው ለ5 በመቶ ነው እንዴ?

የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ሰዎች ታይትል ናይንን፣ በትምህርት ቦታ የጾታ አድልዎን የሚከለክለውን ሕግ፣ ከዳር እስከ ዳር አንብበው አንድ ነገር አገኘን አሉ። ሕጉ የኮሌጅ ስፖርት ገቢ ለስፖርተኞች እንዴት ይከፋፈል የሚል ነገር የለበትም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ለወንዶቹ በማንኪያ ሳይሆን በጭልፋ ቢያወጣ፣ ለሴቶቹ ሳንቲም ቢወረውር ሕግ አልጣሰም ማለት ነው።

ጉድ እኮ ነው። ሕጉ የወጣው በ1972 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ያኔ ለኮሌጅ ስፖርተኛ ከስኮላርሺፕ ውጭ መክፈል ራሱ ክልክል ነበር። ያልነበረ ክፍያ እንዴት ተብሎ በሕግ ይጻፍ? የ1972ቱ ዋና አንቀጽ እኮ ስፖርት የሚል ቃልም የለውም። የሚለው፣ የፌዴራል ገንዘብ በሚያገኝ የትምህርት ፕሮግራም ማንም ሰው በጾታው ምክንያት አይገለል፣ አይበደል ነው። ሚሊዮን ሴት ልጆች ሜዳ የገቡት በዚያች አጭር አንቀጽ ነው። በነዚህ ሰዎች አነባበብ ቢሆን ኖሮ አንዷም አትገባም ነበር።

የተባለው እንዲህ ነው። በጃንዋሪ 2025 ሊሰናበት ቀናት የቀሩት የባይደን አስተዳደር ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞች የሚከፍሉት ገንዘብም በታይትል ናይን ይዳኛል ብሎ መመሪያ አወጣ። ወር ሳይሞላው፣ በፌብሯሪ፣ የትራምፕ አስተዳደር ሕጉ ስለ ገቢ አከፋፈል አይናገርም ብሎ መመሪያውን ሰረዘው። በጁን ደግሞ ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን የሃውስን ስምምነት፣ ስፖርተኞች የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩን ከሰው የተደረሰውን፣ አጸደቁ። ላለፉት ዓመታት 2.8 ቢሊዮን ዶላር ካሳ፣ ወደፊት ደግሞ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቹ ማካፈል ይችላል። ካሳው የተሰላው በግምት እንዲህ ነው። ከመቶው 75 ለፉትቦል (የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ነው፣ እግር ኳስ አይደለም)፣ 15 ለወንዶች ቅርጫት ኳስ፣ 5 ለሴቶች ቅርጫት ኳስ፣ የቀረችው 5 ለሌላው ስፖርት ሁሉ። ብዙ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ይህችን ቀመር ወደዷትና ለወደፊቱም ክፍያ ወሰዷት።

ለምን ሲባሉ መልሱ አንድ ነው። «ገንዘብ ያመጣ ገንዘብ ይውሰድ።»

ይህን መልስ በሰማሁ ቁጥር ትዝ የምትለኝ ፓት ሰሚት ናት። የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ። 38 ዓመት፣ 1,098 ድል፣ 208 ሽንፈት፣ 8 የብሔራዊ ሻምፒዮና ዋንጫ። ሥራዋን ስትለቅ በአሜሪካ ከፍተኛው የኮሌጅ ዲቪዚዮን በወንድም በሴትም ቅርጫት ኳስ ከእሷ በላይ ያሸነፈ አሰልጣኝ አልነበረም። ቁጥሩን ሁሉም ያውቀዋል። የሚረሳው ከምን እንደተነሳች ነው።

ፓት የቴነሲ ገበሬ ልጅ ናት። ከወንድሞቿ ጋር ኳስ የምትጫወተው ድርቆሽ በሚከመርበት የጎተራ ፎቅ ላይ ነበር። ለሁለተኛ ደረጃ ስትደርስ በአካባቢያቸው ያለው ትምህርት ቤት የሴቶች ቡድን የለውም። አባቷ፣ ኮስታራው ገበሬ፣ እሷ እንድትጫወት ብለው ቤተሰቡን ይዘው ወደ ሌላ መንደር ተዛወሩ። ከዚያ ኮሌጅ መጣ። ወንድሞቿ በስፖርት ስኮላርሺፕ ተማሩ። የእሷን ግን ወላጆቿ ከኪሳቸው ከፈሉ። ለሴት ስኮላርሺፕ የሚባል ነገር አልነበረማ!

እስቲ እዚህ ላይ «ገንዘብ ያመጣ» የሚሉት ሰዎች ይመልሱልኝ። አንድ ቤት፣ አንድ ጎተራ፣ አንድ ዓይነት ጉልበት። ወንዶቹ በዚያ ዕድሜያቸው ለኮሌጁ ስንት ብር አምጥተው ነው የተከፈለላቸው? ማንም ሒሳብ አልጠየቃቸውም። ስኮላርሺፑ የተሰጣቸው ወንዶች ስለነበሩ ነው። ሒሳብ የሚጠየቀው ሴቷ ስትመጣ ብቻ ነው።

በ1974 ቴነሲ ዋና አሰልጣኝ ስትሆን 22 ዓመቷ ነው። በወር 250 ዶላር። የቡድኑን ቫን የምትነዳው እሷ፣ ማሊያ የምታጥበው እሷ። ማሊያው ራሱ የተገዛው ዶናት ተሽጦ ነው። አንድ ጊዜ ለሆቴል የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረ ከግጥሚያው በፊት ያለውን ሌሊት ተጋጣሚያቸው ጂም ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈው አድረዋል። የመጀመሪያ ጨዋታዋን በአንድ ነጥብ ተሸነፈች። ያኔ «ገበያው ይፍረድ» ቢባል ኖሮ ገበያው በዚያው ሳምንት ይፈርድ ነበር። ቡድኑ ይዘጋል፣ አለቀ።

አልተዘጋም። ያልተዘጋው ደግሞ ሕግ ስለነበረ ነው። ቴነሲ ከዚያ የሚገርም ነገር አደረገ። ሴቶቹ የራሳቸው የስፖርት ክፍል፣ የራሳቸው ኃላፊ፣ የራሳቸው በጀት ነበራቸው። የፉትቦል አምላኪ በሆነ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማለቴ ነው፤ ስታዲየሙ 100 ሺህ ሰው የሚይዝ። ውጤቱስ? በ1987 የመጀመሪያው ዋንጫ መጣ። በ1995 የስፖርት ቴሌቪዥኑ ኢኤስፒኤን ቴነሲንና ኮነቲከትን በማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ቀን አጋጥሞ ለመላው አገር አሳየ። ሰዉ አየ፣ ወደደ። ከ1996 እስከ 1998 ሦስት ዋንጫ በተከታታይ፤ የመጨረሻውን ዓመት 39 ጨዋታ ተጫውተው 39ኙንም አሸነፉ። በዚያው በ1998 ጃንዋሪ ሁለቱ ቡድኖች በቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ከተማ ኖክስቪል ላይ ሲገናኙ ከ24 ሺህ በላይ ሰው አዳራሹን ሞላው። በ2006 ፓት በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚከፈላት የመጀመሪያዋ የሴቶች ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ሆነች።

ልብ በሉ፣ ቅደም ተከተሉን። መጀመሪያ ሕግ፣ ቀጥሎ በጀት፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥን፣ መጨረሻ ላይ ተመልካችና ገንዘብ። ያልዘሩበትን ማሳ ምርት አልሰጠህም ብሎ የሚከስ ገበሬ የለም። የኮሌጅ ስፖርት ባለሥልጣን ግን ሞልቷል።

«እሺ፣ ይህ ሁሉ ሆኖ ለምን ገቢያቸው ያንሳል?» ይሉኛል። እንዴ፣ ሻጩ ማን ሆነና ነው? የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ኤንሲኤኤ አይደለም እንዴ? የሴቶቹን ውድድር የቴሌቪዥን መብት ለብቻው ሸጦት አያውቅም። እስከ 2024 ድረስ ከሌሎች 28 ሻምፒዮናዎች ጋር አንድ ላይ ጠቅልሎ በዓመት 34 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰጠው። በ2021 ራሱ ኤንሲኤኤ የቀጠራቸው ጠበቆች አጥንተው፣ የሴቶቹ ቅርጫት ኳስ ብቻውን በ2025 በዓመት ከ81 እስከ 112 ሚሊዮን ዶላር ሊያወጣ ይችላል አሉ። ጥናቱ የታዘዘው ደግሞ በሰላም አይደለም። ሳን አንቶኒዮ ላይ ለሴቶቹ ውድድር የተዘጋጀውን ጂም አንዷ ተጫዋች ቀርጻ ለዓለም ስላሳየች ነው። ወንዶቹ አዳራሽ ሙሉ የስፖርት መሣሪያ፣ ሴቶቹ አንዲት መደርደሪያ ክብደት። «ማርች ማድነስ» የሚለውን የውድድሩን ታዋቂ ስም እንኳ እስከ 2022 ለሴቶቹ ከልክለዋቸው ነበር። ስም! ስም ምን ያስከፍላል?

በጣም የሚያበሽቀኝ ግን ሌላ ነው። በወንዶቹ ውድድር አንድ ቡድን በተጫወተ ቁጥር ከገቢው ድርሻ ይታሰባል፤ ገንዘቡ በሊጉ በኩል ዩኒቨርሲቲው ጋ ይደርሳል። ይህ ከ1991 ጀምሮ ያለ አሠራር ነው። በሴቶቹ ውድድር ይህ የተጀመረው በ2025 ነው። በ2025! የፓት ሰሚት ስምንት ዋንጫዎች በዚህ መንገድ ለቴነሲ ካዝና ያስገቡት ዜሮ ነው። ብታሸንፍ ዜሮ፣ ብትሸነፍ ዜሮ። ከዚያ ዞረው «እነዚህ ገንዘብ አያመጡም» ይሏታል። ማምጫውን በር ከውጭ ቆልፎ «ለምን ባዶ እጅሽን መጣሽ» ማለት ዓይን ያወጣ ነገር ነው።

በሩ ትንሽ ገርበብ ሲል ምን እንደሆነ ደግሞ አይተናል። በ2024 የሴቶቹን የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሳውዝ ካሮላይናና አይዋ፣ ወደ 19 ሚሊዮን ሰው አየው። የወንዶቹን 15 ሚሊዮን ገደማ። ይህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። «የአይዋዋ ኮከብ ኬትሊን ክላርክ ስለነበረች ነው» ይላሉ። ይሁና! የወንዶቹስ ጨዋታ የሚታየው ኮከብ ስላለ አይደለም? ለወንድ ሲሆን ኮከብ ማፍራት ነው፣ ለሴት ሲሆን የአጋጣሚ ነገር።

ፉትቦል ብዙ ገንዘብ እንደሚያስገባ አልክድም። ኖክስቪልን በጨዋታ ቀን ያየ ሰው አይክድም። ግን ፉትቦላቸው ኪሳራ የሆነባቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ብዙ ናቸው። አንዱም «ገንዘብ አላመጣህም» ተብሎ ወንዶቹን 5 በመቶ ሲሰጥ አላየሁም።

ስለ ፓት ትንሽ ልጨምር፣ ካነሳኋት አይቀር። በ1976 ሞንትሪያል ኦሎምፒክ ተጫዋች ሆና ብር አገኘች። በ1984 ሎስ አንጀለስ አሰልጣኝ ሆና ወርቅ። (የእኛ ሰዎች ሁለቱንም አላዩም፤ ኢትዮጵያ አንዱን ከአፍሪካውያን፣ አንዱን ከሶቪየቶቹ ጋር ሆና አድማ መትታ ቀርታ ነበር።) በ1990 ምጥ ይዟት አንዲት ተጫዋች ለመመልመል ፔንስልቬንያ ሄደች። ሲመለሱ አብራሪው ቨርጂኒያ ላይ ልረፍ ቢል አይሆንም አለች። በዚያ ዓመት ቨርጂኒያ አሸንፋት ነበርና ልጇ እዚያ እንዲወለድ አልፈለገችም! ልጁ ቴነሲ ተወለደ። የወንዶቹን ቡድን አሰልጥኚ ሲሏት ደግሞ ያ ለምን እንደ እድገት ይቆጠራል ብላ መለሰች። በእሷ ሥር የመጫወቻ ዓመታቸውን ቴነሲ የጨረሱ ልጆች በሙሉ ተመርቀዋል። በሙሉ ነው የምላችሁ። ዛሬ ስለ «ትምህርታዊ ተልዕኮ» የሚሰብኩን የስፖርት ዳይሬክተሮች ይህን ቁጥር ይዘው ይምጡ።

በ2011፣ ገና በ59 ዓመቷ፣ አልዛይመር እንደያዛት በአደባባይ ተናገረች። አንድ ዓመት እንደዚያው ሆና አሰለጠነች። በ2012 ለቀቀች፣ በ2016 ዐረፈች። አሁን በድል ብዛት የበለጧት ጥቂቶች አሉ። ቀዳሚዎቹ ሁለቱ፣ የኮነቲከቱ ጂኖ ኦሪየማና የቀድሞዋ የስታንፎርድ አሰልጣኝ ታራ ቫንደርቪር፣ ሁለቱም የሴቶች ቡድን አሰልጣኞች ናቸው። ታዋቂው የቀድሞ የዱክ ወንዶች ቡድን አሰልጣኝ ማይክ ሺሼፍስኪ 1,202 ድል ይዞ ከኋላቸው ነው። ከፍተኛውን ደረጃ የያዘው የሴቶቹ ስፖርት ሆኖ ሳለ ዋጋው ግን 5 በመቶ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው የማያነሳው። ታይትል ናይን ሲወጣ ከሴቶች ቡድኖች ከ90 በመቶ በላይ የሚሠለጥኑት በሴቶች ነበር። ዛሬ ከግማሽ በታች ነው። ደመወዙ ማሊያ ማጠብና ቫን መንዳት እያለ ወንዶቹ የት ነበሩ? ብር ሲሸት ሁሉም መጣ። ጂኖን አልነካም፣ እሱ ከጥንት ጀምሮ የለፋ ሰው ነው። ስለ ብዙኃኑ ነው የማወራው።

ስምንት ሴት ስፖርተኞች ካሳው ታይትል ናይንን ይጥሳል ብለው ይግባኝ ሲሉ ምን እንደተባሉ አይታችኋል። ስግብግቦች፣ የሌሎችን ክፍያ የሚያዘገዩ። ከእግር ኳስና ከመረብ ኳስ የመጡ ልጆች ናቸው፣ ሯጭም አለችባቸው። «ሌላው ሁሉ» በምትለው 5 በመቶ ውስጥ የታጨቁ። ይህ ደግሞ እኛን በቀጥታ የሚነካ ነው። በአትላንታ፣ በዴንቨር፣ በሲያትል፣ በዲሲ አካባቢ ያሉ የሐበሻ ልጆች ኮሌጅ ስፖርት ሲገቡ አብዛኛውን ጊዜ በሩጫ ነው። ልጃችሁ በክሮስ ካንትሪ ተመልምላ ከሆነ የገባችው እዚያች ጠባብ ሳጥን ውስጥ ነው።

ስለዚህ አሰልጣኙ ቤታችሁ መጥቶ ቡና ጠጥቶ ስለ ካምፓሱ ውበት ሲያወራ አቋርጡት። ለስፖርተኞች ከምታካፍሉት ሚሊዮን ለሴቶች ስንት መደባችሁ? ለሯጮችስ? በጽሑፍ ልትሰጡን ትችላላችሁ? ቁጥሩን እስኪልክ ድረስ እንዳትፈርሙ።